አንዱ ክንድና አዛብቼ ያነበብሁት ደብዳቤህ

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ አድማሴ፣ ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበትህ፣ እንደምን ከረምህ ወንድሜ? ሚስትህ የዓለምወርቅስ እንደምን አለችልህ? ሰብለ ወንጌል ጥርስ አወጣች ወይስ እስካሁን በድዷ ነው የምትስቀው? የድሬዳዋ ሙቀት በረታባችሁ ወይስ ሰውነታችሁ ለመደው? ከብየዳው እሳት የተነሣ ዓይኔን ያምመኛል ብለህ ጽፈህ ነበርና አሁን እንዴት ሆነልህ? እናታችን ይህንኑ ሳትጠይቀኝ ውላ አታድርም። ማታ ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠበው በለው ብላኛለችና ይኸው ብያለሁ።

በዚህ በኩል የሞተ የለም። እናታችን ደኅና ናት፤ ክረምቱ ሲገባ ጉልበቷን እንደ ልማዱ ይዟታል እንጂ ሌላ የለባትም። እኅታችን ሐረገወይንም ደኅና ናት። ቡሬዋ ላም ወልዳለች። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቶ ገብሱ ተዘርቷል። አባታችንም ጤናው ደኅና ነው። ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የምጽፈውን ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ፤ እርሱን ካነሣሁ የራሴን ጉድ ማንሣቴ አይቀርምና።

አያ አድማሴ፣ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በመጀመሪያው ላይ ሰበብ አብዝቼ ነበር። በኋለኞቹ ደግሞ ልቅሶ አብዝቼ፣ ሳነበው አንተ እኔን እንድታጽናናኝ የምለምን ሆኜ አገኘሁት፤ እንደዚያ ያለ ድፍረት ደግሞ ከየት አመጣለሁ። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ እጽፍልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው። ከግንቦት ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ልከህ ከአባታችን አንድ ቃል እንዳልደረሰህ አውቃለሁ። ምን በድዬ ነው ብለህ ጠይቀሃል። አንተ አልበደልህም። የበደልሁ እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አምና በጥቅምት የክርስትና አባትህ የአያ ነጋ ልጅ ትርንጎ በምጥ ተይዛ፣ ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ዳባት ሲወርዱ፣ ከዋናው መንገድ ሳይደርሱ በእጃቸው ላይ አረፈች። አያ ነጋ አርባዋን ካወጣ በኋላ በሚካኤል ማኅበር ላይ ተነሥቶ፣ የእኔዋ ሄዳለች፣ ለሰው ልጅ ግን እንድረስለት ብሎ ለመነ። ማኅበርተኛውም ተስማምቶ፣ እንግሊዞች ጥለውት ከሄዱት ማኪና አንድ አሮጌ ጂፕ ከጎንደር ገዛ። አባታችን በሰው ፊት፣ ማሩ እጁ ሸጋ ነው፣ ጎንደር በጋራዥ ሰባት ዓመት የሠራው ለዚህ ካልሆነ ለምን ነው አለ። እኔም በዚያች ሰዓት ቁመቴ አንድ ክንድ የጨመረ መሰለኝ።

ጂፑ ሞተሩ ደኅና ነበር። የኋላው ባሌስትራ፣ ያ ተደራርቦ የሚታሰረው ብረት፣ ግን ተሰባብሮ አልቋል። ምትኩን ጎንደር ሙሉ ፈለግሁ። ያገኘሁት የትልቅ ካሚዮን ባሌስትራ ነው፤ እርሱ ደግሞ ለትንሽ ማኪና ደረቅ ነው፣ በእኛ ድንጋይ ላይ ሰው ያንገጫግጫል፣ ምጥ የያዛት ሴት የምትተኛበት አይደለም። በጋራዡ ጓሮ ግን ከአንዲት የወደቀች የቤት ማኪና የወጡ ሁለት ሸጋ ሞላዎች፣ እነዚያ እንደ ቀለበት ተጠምዝዘው የሚረግቡ ብረቶች፣ ነበሩ። ሞላ ደግሞ ክብደት ይሸከማል እንጂ የማኪናዋን እግር፣ ጎማውን፣ በቦታው አይይዝም። ባሌስትራ ሁለቱንም ይሠራል። በሞላ የሚሠራ ሰው የኋላው እግር ዘንግ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዳይሄድበት በክንድ ብረት ከሻንሲው፣ ከማኪናዋ የወለል ብረት ጋር ማያያዝ አለበት። በስንት ክንድ? የእኔ መዘዝ የተነሣው ከዚች ጥያቄ ነው።

አራት ክንድ ያለው ማኪና በጋራዣችን አይቻለሁ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። በደልዳላ መንገድ ሸጋ ነው። ድንጋይ ላይ ሲወጣ ግን ክንዶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዙና አንደኛው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ይቀራል። ይህን እያሰላሰልሁ ለበዓል ወደ አገር ቤት መጣሁ፤ አባታችን የበጋውን እርሻ ሲያርስ ከማሳው ዳር ቆሜ አየሁት። አንዱ በሬ በትልሙ ውስጥ ይሄዳል፣ ሌላው ከፍ ባለው ላይ ይሄዳል። ቀንበሩ ወዲያና ወዲህ ያዘነብላል። ሞፈሩ ግን በአንድ ቦታ ብቻ ታስሮ ቀጥ ብሎ ይከተላል። አገኘሁት ብዬ ብቻዬን ጮኽሁ። የማኪናዋ የኋላ ዘንግ ቀንበር ይሁን፣ ከመካከሉ አንድ ወፍራም ክንድ ወደ ፊት ይሂድ፣ ጫፉም ከሻንሲው ጋር በአንድ ብሎን ይጋጠም አልሁ። ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የምትይዝ አንዲት ቀጭን ብረት ብቻ ብጨምርበት ይበቃል።

እንደዚያው አድርጌ አንድ ጊዜ ለሙከራ ገጠምሁት። በጋራዡ ደጅ አንዱን የኋላ ጎማ የሙቀጫ ያህል ድንጋይ ላይ አወጣሁት፤ ሌላው ጎማ መሬቱን ሳይለቅ ቀረ። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ። ማኪናዋንም ፍየሊቱ አሏት። ልቤ አበጠ። ሥዕሉንም ሥዬ ምከረኝ ብዬ ወደ አንተ ላክሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ የፈለግሁት ምክር አልነበረም፤ ምስጋና ነበር።

መልስህ በጥር መጨረሻ ደረሰኝ። አሁንም ስጽፍ ከፊቴ ነው። እንዲህ ይላል፤ «ማሩ ሆይ፣ አሳብህ የደነዘዘ ሰው አሳብ አይደለም። ጎማዎቹ እንዳልኸው በነጻነት ይወጣሉ ይወርዳሉ። ነገር ግን መግፋቱን፣ ፍሬን ሲያዝ መጎተቱን፣ ዘንጉ ሲጠማዘዝ መቋቋሙን፣ ይህን ሁሉ በአንድ ብሎን ላይ ጫንኸው። ዳገት ላይ ጀርባዋን እያነሣ ያዘልላታል። ቁልቁለት ላይ ብሎኑን ይቆርጠዋል። ሲቆረጥም የሚተካው ሌላ ክንድ የለም። በዚህ ሰው እንዳትጭን። ወይ ክንድ ጨምር፣ ወይ ደረቅም ቢሆን ወደ ባሌስትራው ተመለስ። እምቢ ካልህ እንኳ ዘንጉን በሰንሰለት ከሻንሲው ጋር አንጠልጥለውና ድንጋይ ጭነህ ቁልቁለት ላይ ሞክራት።»

ይህን ሳነብ ተናደድሁ። ድሬዳዋ በባቡር ወርክሾፕ የሚሠራ ሰው የባቡር ሐዲድ ነው የሚያውቀው፣ የወይራ ሚካኤልን ድንጋይ መቼ ያውቀዋል አልሁ። አንተ በዚያ ድንጋይ ላይ እንዳላደግህ አድርጌ።

የካቲት 12 ቀን የማኅበሩ ተራ ከአባታችን ቤት ነበር። ሰው በልቶ ጠጥቶ ከተቀመጠ በኋላ አባታችን፣ ከአድማሴ ደብዳቤ መጥቷል፣ ማሩ ያነብልናል አለ። ወትሮ ደብዳቤ የሚያነቡልን መሪጌታ ሐብተ ማርያምም ነበሩ፤ ደብዳቤው ለእኔ የተጻፈ ስለሆነ ግን እጃቸውን አልዘረጉም። አባታችን በኩራት ዙሪያውን አይቶ፣ ብረትን የሚያውቅ አድማሴ ነው፣ እርሱ ያለው ይሆናል አለ። እኔ ተነሥቼ ቆምሁ። ሰላምታህን እንደተጻፈው አነበብሁ። ከላይ የጻፍሁልህ ቦታ ላይ ስደርስ ዓይኔ የአንተን ቃል ያያል፣ አፌ ሌላ ይናገራል። «አሳብህ ሸጋ ነው፣ አንዱ ክንድ ይበቃል፣ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምሠራው» ብዬ አነበብሁ። እንደ ማንበብ አድርጌ ጣቴን በመስመሩ ላይ እየጎተትሁ። እናታችን እልል አለች። አባታችን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሁለት ልጆቹ በአንድ ነገር ተስማምተውለታላ።

ያን ጊዜ አያ ነጋ ከማዕዘኑ ሆኖ ጠየቀኝ። «ምነው ልጄ፣ ሞፈሩስ ምራን አለው፤ ነገር ሲጠናበት ጠፍሩ ይበጠስና በሬውም ሞፈሩም ይተርፋል። ያንተው ብረት ነገር ሲጠናበት የሚበጠሰው ምኑ ነው?» አለኝ። ይህ ፊደል ያልቆጠረ ሰው የጠየቀኝ አንተ የጻፍኸውን ነው። ወረቀቱን ገለበጥሁ። በጀርባው ላይ ያለው ሰላምታ ብቻ ነበር። «ለክርስትና አባቴ ለአያ ነጋ እጁን ሳምልኝ» ትላለህ። ዓይኔን እርሷ ላይ አድርጌ፣ አድማሴ አይበጠስም ብሏል አልሁት። አያ ነጋም፣ አድማሴ ካለ እሺ ብሎ ጠጅ መሳይ ጠላውን አነሣ። ሰላምታህን ግን አልሰጠሁትም። በአፌ ላይ ቀረች።

ሁዳዴን ሙሉ ሠራሁ። ብሎኑን ከጋራዡ ወፍራሙን መረጥሁ። ክንዱንም ሁለት ጊዜ በየድሁት። ሰንሰለቱም ነበር፤ ከመሥሪያዬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጠዋት ማታ አየዋለሁ። ባንጠለጥለው፣ አድማሴ አይበጠስም ካለ ይህ ሰንሰለት ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ይኖራል ብዬ ተውሁት። አያ አድማሴ፣ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ውሸቴን ለመጠበቅ ብዬ ሰንሰለቱን ግድግዳ ላይ ተውሁት።

የግንቦት ልደታ ማግስት፣ ለቅዳሜ ገበያ ገብስ ጭነን ከወይራ ሚካኤል ተነሣን። የምነዳው እኔ ነኝ። አያ ነጋ ከኋላ ከጆንያው ላይ ተቀምጧል፤ አባታችን ከፊት ከእኔ ጎን። ከወንዙ ወጥተን ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስንያያዘው የማኪናዋ ጀርባ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። አንተ ያዘልላታል ያልኸው ነው። ገባኝ። ማቆም ነበረብኝ። አባታችን ግን እየሳቀ፣ ፍየል አይደለች፣ ትዘላለች አለና እኔም አብሬው ሳቅሁ። አፋፉ ላይ ደርሰን ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሬን ያዝሁ። ከሆዷ ሥር የጥይት ድምፅ የመሰለ ነገር ጮኸ። ዘንጉ ከነጎማዎቹ ወደ ኋላ ቀረ፤ ማኪናዋ በሆዷ ድንጋዩ ላይ ወድቃ ተንሸራትታ ከገደሉ ግድግዳ ጋር ተላተመች። አያ ነጋ ቀኝ እጁን የጎን ብረቱ ላይ አድርጎ ይዞ ነበር። እጁ በብረቱና በድንጋዩ መካከል ቀረ።

ወጌሻው መጥቶ አሽቶ አሰረው። አጥንቱ ገጥሟል፣ ጣቶቹ ግን አይጨብጡም። ሞት ስላልሆነ እግዚአብሔርን አመስግነናል፤ ለአራሽ ግን ቀኝ እጅ ማለት ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

እዚያው ቦታ ላይ፣ አያ ነጋ እያቃሰተ፣ አባታችን ራሱን ይዞ፣ «ምነው አድማሴ! ምነው ልጄ! በሰው ነፍስ እንዲህ ያለ ዋዛ ይመከራል?» እያለ ጮኸ። እኔ ከማኪናዋ ኋላ ጎንበስ ብዬ ሁለት ቦታ የተቆረጠውን ብሎን በእጄ ይዤ ነበር፤ ትኩስ ነበር። አባቴ ሆይ እኔ ነኝ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። አላልሁም። በማግስቱም አላልሁም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም አልሁ።

አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምህን ማንሣት ተወ። ደብዳቤህ መጣ ስለው፣ አልሰማውም፣ ለራስህ አንብበው አለኝ። እናታችን በድብቅ ወደ ጓዳ ጠርታኝ ቀስ ብለህ ለእኔ አንብብልኝ ትላለች፤ አነብላታለሁ፣ አንተ ምን በደልሁ ስትል ታለቅሳለች፣ እኔም አብሬያት አለቅሳለሁ። በመንደሩም ማኪናዋ እንደተጋደመች ያየ ሁሉ፣ ይህ የድሬዳዋው ባለሙያ ሥራ ነው እያለ ያልፋል። እኔ ደግሞ ከጋራዡ ፈቃድ ለምኜ መጥቼ የአያ ነጋን መሬት ማረስ ጀመርሁ። ሰው ምን አለ መሰለህ? ወንድሙ ያበላሸውን ማሩ ይክሳል፣ የተባረከ ልጅ ነው አለ። ሴቶቹ ስሄድ መረቁኝ። ምርቃቱን በዝምታ ተቀበልሁ። ምድር ተከፍታ አልዋጠችኝም እንጂ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ሳርስ፣ ማረሻው ከተቀበረ ድንጋይ ጋር ተያዘ። በሬዎቹ ጎተቱ፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ጧ ብሎ ተበጠሰና ሁለቱም በሬዎች ባዶ ቀንበር ይዘው ጥቂት ሄደው ቆሙ። ምንም የተሰበረ የለም። አያ ነጋ ከማሳው ዳር ተቀምጦ ነበርና መጥቶ፣ በግራ እጁና በጥርሱ እየረዳኝ ጠፍሩን እንዴት እንደምቋጥር አሳየኝ። «አየኸው? እርሱ ባይበጠስ የሚሰበረው የበሬው አንገት ነበር» አለኝ። በክፋት አልነበረም። የካቲት ላይ የጠየቀኝን የረሳው ይመስል ነበር። እኔ ግን ትልሙ ላይ ተቀመጥሁ። ሁሉንም ነገርሁት። ወረቀቱን እንዴት እንደገለበጥሁ፣ የአንተን ሰላምታ እያየሁ ምን እንዳልሁት፣ ሰንሰለቱንም ጭምር።

አያ ነጋ የያዘውን ጠፍር ለቀቀ። በሬዎቹ ማመስኳት ጀመሩ። በመጨረሻ፣ «ደብዳቤው አለ?» አለኝ። አለ አልሁት። «እንግዲያው ለእኔ ነግረኸኝ ምን ይረባኛል። እጄን ነግረህ አትመልሰው። አባትህ ግን ልጁን አጥቷል፤ ሂድና መልስለት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። በሬዎቹን ስፈታም እንደ ወትሮው አልመረቀኝም። እውነት ለመናገር፣ ያልመረቀኝ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ሄድሁ።

ሰኔ ሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ደብዳቤህን ከካፖርቴ ገበር አውጥቼ ለመሪጌታ ሐብተ ማርያም ሰጠሁ። የካቲት ላይ ያነበብሁላችሁ ደብዳቤ ይህ ነው፤ አሁን እርስዎ እንደተጻፈው ያንብቡት አልሁና ከበሩ አጠገብ ቆምሁ። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ከሰላምታው ጀመሩ። ያችን ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝግ አለ። ቀና ብለው አዩኝ። ተመልሰው ከመስመሩ መጀመሪያ አነበቡት፤ «በዚህ ሰው እንዳትጭን።» ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው የአያ ነጋን ሰላምታ አነበቡ።

አባታችን እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ተቀበለ። እንደምታውቀው ፊደል አይለይም። የትኛው ላይ ነው የሚለው ብሎ ጠየቀ። መሪጌታ በጣታቸው አሳዩት። አውራ ጣቱን በመስመሩ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ ቆየ፤ የሚያነብ ይመስል ነበር። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመታኝም። ወረቀቱን አጥፎ በደረቱ ከተተና ወደ በረቱ ወጣ። እኔ ያን ጊዜ ወደ አያ ነጋ ሄጄ ተንበርክኬ፣ ያችን የማትጨብጥ እጁን ሳምሁ። ይህ የእኔ አይደለም፣ አድማሴ በጥር የላከልህ ነው አልሁት። አያ ነጋ እጁን አልነጠቀኝም።

ማኅበሩም መክሮ ሁለት ክረምት የአያ ነጋን መሬት እንዳርስ ፈረደብኝ፤ ከዚያ ቢበልጥም ባደርገው አልጠላም። ማኪናዋም አንተ ካላዘዝህ እኔ በእጄ እንዳልነካት ተባለ። አባታችን እስከ ዛሬ አላናገረኝም። ከገበታው አልከለከለኝም፤ ስሜን ግን አይጠራም፤ አንድ ነገር ሲፈልግ ያንን ልጅ በሉት ይላል። አንተን ከአንድ ወር በላይ ያቆየበት ቦታ ላይ አሁን እኔን አቁሞኛል፤ ቦታው የእኔ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያዘዘኝ እርሱ ነው፤ በእናታችን በኩል። ሳይታሸግ በፊት መሪጌታ በፊቱ እንዲያነቡት ብሏል። ስለዚህ የምጽፈውን ሁሉ እርሱም ይሰማዋል፤ ይህችንም ጭምር።

ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን ይቅር በለኝ። ያጠፋሁት ብሎን አይደለም። ብሎን የማያውቅ ሰው ይሳሳታል፣ አንተም አላቃለልኸኝም፣ አሳብህ የደነዘዘ አይደለም ብለህ ነበር። የአንተን ስም በእኔ ስህተት ላይ አሰርሁት። ደግሞም ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በእኔ ዓይን ነበር የሚያዩት፤ ያን ነው ያበላሸሁት።

ሞላዎቹ ደኅና ናቸው። ጊዜ ስታገኝ፣ ክንዱ ስንት ይሁን፣ ውፍረቱ ምን ያህል ይሁን፣ የት ላይ ይገጠም የሚለውን ሥለህ ላክልን። አንዲት ሴት ክረምቱ ሲወጣ ትወልዳለች ብሎ አያ ነጋ ራሱ አስታውሶናል። ደብዳቤህን ግን ከእንግዲህ በእኔ ስም አትላከው። በመሪጌታ ሐብተ ማርያም ስም ይሁን። እርሳቸው ያነቡታል፤ እኔም ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

ለየዓለምወርቅ፣ በማያውቀው ነገር ባልሽን ያሳዘንሁት እኔ ነኝ ብለህ ሰላምታዬን ስጥልኝ። ሰብለ ወንጌልን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ አጎቷን ስታድግ ታየዋለች። እናታችን፣ ዓይንህን ጠብቅ፣ ለመስቀል ና ትልሃለች። ሐረገወይን የፈተለችውን ጥጥ ለሰብለ ወንጌል መቀነት ይሆናል ብላ ከዚህ ጋር ልካለች። አያ ነጋ በግራ እጁ ሰላም ብሎሃል፤ የክርስትና ልጄ ትክክል ነበር በለው ብሎኛል። አባታችን የሚለውን እኔ አልጽፍም። መሪጌታ ይጽፉልሃል።

ታናሽ ወንድምህ ማሩ
ወይራ ሚካኤል፣ ዳባት
ሰኔ 20 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለልጄ ለአድማሴ፤ እኔ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ ቀኑ ድረስ ለአባትህና ለአያ ነጋ አንብቤላቸዋለሁ። የጨመርሁት የለም፤ የተውሁትም የለም። አባትህ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ አለኝ፤ «አድማሴ ልጄ፣ ያላልኸውን ሰምቼ አዘንሁብህ፤ ይቅር በለኝ። ለመስቀል ናና ፊትህን ልየው።» ከዚህ በታች ያለው የአውራ ጣቱ ምልክት ነው። ጣቱን ከቀለሙ ላይ ካነሣ በኋላ ወደ በሩ ተመልክቶ፣ «ዝናብ ነው፤ ማሩን ግባ በሉት» አለ።